ዓሦቹ ቀሩ

የመሥሪያ ቤታችን የሂሳብ ክፍል እትዬ በቀላሉ የሚከፋቸው ሰው አይደሉም። ደመወዝ ቢዘገይ “ይመጣል” ይላሉ፤ ሊፍቱ ቢቆም እስከ ስድስተኛ ፎቅ በእግራቸው ወጥተው “ለደም ዝውውር ጥሩ ነው” ይላሉ፤ ኦዲተር ሲመጣ እንኳ ሻይ አዝዘው ይጠብቁታል። ስማቸውን የማልጽፈው ከቡናቸው እንዳያስቀሩኝ ነውና እትዬ ብቻ ይበቃናል። እኚህ ሴት በቅርቡ ፊታቸው ጠቆረ። መርዶ ደረሳቸው እንዴ ብለን ተጠጋን። ጣታቸውን ወደ ኮምፒውተራቸው ቀስረው፣ “ዓሦቹ ቀሩ” አሉን።

ዓሦቹ ስክሪን ሴቨር ናቸው። የእህታቸው ልጅ ከዓመታት በፊት በፍላሽ አምጥቶ ጫነላቸው። ኪቦርዱም ማውሱም ሳይነካ አምስት ደቂቃ ሲሞላ የደመወዝ ሠንጠረዡ ይሰወርና ስክሪኑ ሰማያዊ ውኃ ይሞላል። ቢጫው፣ ብርቱካናማው፣ ባለመስመሩ ዓሣ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከታች አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሁሉም ዓሣ ስም አለው። ባለመስመሩ የሚጠራው በቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን ስም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ የትም አይደርስም።

ሌላው ሰው ስክሪን ሴቨር የሚያስቀምጠው ለጌጥ ይሆናል። ለእትዬ ግን ዓሦቹ ፈቃድ ናቸው። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ቫውቸሮቻቸውን ሰብስበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። ዓሦቹ ብቅ ሲሉ “በሉ እንግዲህ፣ ማሽኑም ደከመው” ብለው ወደ ቡናው ይነሣሉ። ዓሦቹ ሳይመጡ መነሣት በእሳቸው ሃይማኖት ሥራ ጥሎ መሄድ ነው። እኛ ደግሞ እትዬ ካልተነሡ ቡና አንጠጣም፤ ስኒውም ስኳሩም ያለው በእሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም በአንገታቸው።

ስለዚህ የዓሦቹ መቅረት የአንድ ሰው ችግር ብቻ አልነበረም። አራት ሰዓት ይሞላል፣ እትዬ እጃቸውን ያሳርፋሉ፣ ስክሪኑን ያያሉ። የደመወዝ ሠንጠረዡ ፈጦ መልሶ ያያቸዋል። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት ያልፋል። እኛ በየጠረጴዛችን ጉሮሯችንን እንጠርጋለን።

ነገር ሲበላሽ ሐኪሙ ይበዛል። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ “ሪስታርት ያድርጉት” አለች፤ ተደረገ፣ ዓሣ የለም። ጸሐፊዋ “ቫይረስ ነው” አለች። ይህ እንኳ ከባዶ ሜዳ የመጣ ግምት አይደለም። ስክሪን ሴቨር ሥዕል ይምሰል እንጂ እንደማንኛውም ፕሮግራም የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ቫይረስ የሚያሰራጩ ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ለብዙ ዘመን በአበባና በፏፏቴ ስክሪን ሴቨር ስም ተንኮላቸውን ሲልኩ ኖረዋል። የእትዬ ዓሦች ግን ተመርምረው ንጹሕ ሆነው ተገኙ። የግዥ ሠራተኛው “አዲስ ኮምፒውተር ይገዛ” አለ። ለእሱ ለራስ ምታትም መድኃኒቱ ጨረታ ነው። አለቃችን ደግሞ በር ላይ ቆመው ሰምተው፣ “የማያርፍ ኮምፒውተር ካላችሁ ምን ጎደላችሁ?” ብለው ሄዱ።

በመጨረሻ አይቲው ተጠራ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ፣ ወንበር ሳይስብ ቆሞ የሚሠራ ወጣት ነው። ማውሱን ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገና ፍርዱን ሰጠ።

“ማዘር፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚያስፈልገው።”

ይህን ቃል ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ድምፅ እምቢ አለ? ፎርማት። ፕሪንተር አልታዘዝ አለ? ፎርማት። በከተማችን ፎርማት የማይፈውሰው ደዌ የለም፤ ማሽኑ ይድናል፣ የአሥር ዓመት ሰነድ ይቀበራል። እትዬ ግን በሕይወታቸው ብዙ አዲስ ጅምር ያዩ ሴት ናቸው። “ልጄ፣ ዓሣ ስለጠፋ ባሕር አይደፋም” አሉት። ልጁ ሳቀና ማዳመጫውን አውልቆ ወንበር ሳበ። ነገሩ የምር መመርመር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ሴቲንጉን ከፈተ። የዓሦቹ ስም ተመርጧል። የመጠበቂያው ደቂቃ አምስት ይላል። የሙከራውን ቁልፍ ሲጫን ዓሦቹ ወዲያው ከተፍ አሉ፤ እትዬ “ይኸው! ይኸው!” ብለው እጃቸውን ሲያጨበጭቡ ክርናቸው ማውሱን ነካውና ዓሦቹ እልም አሉ።

“ዓሦቹ ጤነኞች ናቸው” አለ ልጁ። “ችግሩ ጥበቃው ላይ ነው።”

ልብ አድርጉልኝ፣ ጥሩ ሐኪም እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ነገር አንድ ነው፦ ኪቦርዱ ወይም ማውሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው መቼ ነው? ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ይቆጥራል። አራት ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሴኮንድ ላይ አንዲት ጣት አንዲት ፊደል ብትነካ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ዓሦቹ ለምን ቀሩ ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። መጠየቅ ያለበት ማን እየነካ ነው ተብሎ ነው።

ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው። ስክሪኑ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲጠፋ ታዝዞ ዓሦቹ በአምስተኛው ደቂቃ እንዲመጡ ከተቀጠሩ፣ እንግዶቹ የሚደርሱት መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ቢዋኙም የሚያያቸው የለም። ብዙ ሰው “ስክሪን ሴቨሬ አልሠራ አለ” እያለ የሚያማርረው በዚህ ብቻ ነው። የእትዬ ስክሪን ግን በጭራሽ እንዳይጠፋ ተደርጎ ነበር። ሌላው ተጠርጣሪ ፊልም ማሳያው፣ የስብሰባ ፕሮግራሙና ፓወርፖይንት ነው። እነዚህ ተመልካች አለን ብለው ኮምፒውተሩን እንዳያሸልብ ይለምኑታል። በአንዲት የተረሳች የብሮውዘር ታብ ላይ የሚሄድ ቪዲዮም ይህንኑ ያደርጋል። ልጁ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ፓወርሲኤፍጂ የምትባለውን ትእዛዝ ጻፈ፤ ማን እየለመነ እንደሆነ ስም ጠርታ የምታጋልጥ ትእዛዝ ናት። እትዬ ጥቁሩን መስኮት ሲያዩ አማተቡ። መልሱ ግን ባዶ ነበር። የሚለምን የለም።

“ማንም አልነካውም ይላል እንዴ?” አሉ እትዬ።

“ማንም አልለመነም ነው የሚለው። የሚነካውን አልነገረንም።”

በዚህ መሐል ምሳ ሰዓት ደረሰና ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተላለፈ። እኔም በተከታዮቹ ቀናት ነገሩ ከነከነኝ፤ ይህ ስክሪን ሴቨር የሚሉት ነገር ከየት መጥቶ ነው የጎልማሳ ሴት ቡና የሚያስተጓጉለው?

ለእናቴ ብነግራት ወዲያው ይገባት ነበር። በልጅነቴ ሳሎናችን ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን ባለመዝጊያ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ቁልፍ ያለው ነበር። ከላዩ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። የዳንቴሉ ጫፍ በፊት በኩል ወርዶ መስታወቱን ይሸፍነዋል። ዜና ሊሰማ ሲሆን ይገለጣል፣ ሲያበቃ ይሸፈናል። ከምን እንደሚጠብቀው ጠይቄ አላውቅም፤ ዳንቴል ያልለበሰ ቴሌቪዥን ግን ባለቤት የሌለው ይመስል ነበር።

የፈረንጆቹ ዳንቴል ግን በቂ ምክንያት ነበረው። የድሮው ሆዳም ሞኒተር መስታወቱ ከውስጥ በፎስፈር የተቀባ ነው፤ የኤሌክትሮን ጨረር ሲያርፍበት ያበራል። አንድ ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀስ ለወራት ከቆየ እዚያች ቦታ ላይ ያለው ፎስፈር ከሌላው ቀድሞ ያረጃል፣ የጽሑፉም ጥላ ተቀርጾ ይቀራል። ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ የሚነበብ ስክሪን ነበር። ጆን ሶቻ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ሶፍቶክ በተባለ መጽሔት ላይ ለአይቢኤም ኮምፒውተር አንዲት አጭር ፕሮግራም አወጣ። ኪቦርዱ ለሦስት ደቂቃ ካልተነካ ስክሪኑን ጨለማ ታደርገዋለች። ዓሣ የለ፣ አበባ የለ። ጥቁር ነጠላ በሉት። ይኸው ሰው ነው ኋላ የድሮ ተጠቃሚዎች በፍቅር የሚያስታውሱትን ኖርተን ኮማንደርን የሠራው።

የሰው ልጅ ግን ጨለማ አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1989 በርክሊ ሲስተምስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ አፍተር ዳርክ የተባለውን አወጣና ስክሪኑ ላይ ክንፍ ያላቸው የዳቦ መጥበሻዎች በረሩ። አዎ፣ የዳቦ መጥበሻ፣ ክንፍ ያለው፣ ከተጠበሱ ዳቦዎች ጋር እየተግተለተለ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ገዛው። ለምን ምጣድ አልበረረም ብዬ አዝኛለሁ፤ ግን የምጣዱ ዘመን ኮምፒውተር አልነበረንም። በ1992 ደግሞ አንዲት ደሴት ላይ ብቻውን የቀረ ጆኒ የተባለ ምስኪን መጣ፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ይሮጣል፣ ለማምለጥ ይሞክራል፣ ባለቤቱ ማውስ በነካ ቁጥር ይሰወራል። ከዚያ የዊንዶውስ ቧንቧዎች መጡ። ግራና ቀኝ እየታጠፉ ስክሪኑን ሲሞሉት አይተን “ይሄ የውኃና ፍሳሽ ኮምፒውተር ነው እንዴ?” ያልን ብዙ ነን። በዊንዶውስ 95 ጊዜ ደግሞ ባለሸክላ ግድግዳው የመተላለፊያ ዋሻ ነበር፤ ማሽኑ ለራሱ በር ሲፈልግ ቁጭ ብለን እናየው ነበር።

እዚህም ቤት የራሳችን ታሪክ አለን። ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያስኬደው ስክሪን ሴቨር ፋሽን በነበረበት ዘመን አንድ የሥራ ባልደረባዬ በግዕዝ ፎንት “እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ” ብሎ ጻፈ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ፎንቶቻችን በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ በውሰት የተቀመጡ ስለነበሩ ፎንቱ ካልተመረጠ የሚታየው የላቲን ፊደልና የዶላር ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ሰውዬው ፎንቱን መምረጥ ረሳ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ አንድ የማይፈታ የስድብ ሕብረ ቃል የመሰለ ነገር በክፍሉ ሲመላለስ ከረመ። አለቃው ቆሞ አይቶ “ኮድ ትጽፋለህ እንዴ?” ብሎ አደነቀው። በዚያ ዓመት እርከን አገኘ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሴቲ አት ሆም የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 ከበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ስክሪን ሴቨር ነው። ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ሲነሣ ኮምፒውተሩ ከአሬሲቦ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የመጣ መረጃ እየተቀበለ በሕዋ ውስጥ ሌላ ፍጡር ድምፅ አሰምቶ እንደሆነ ይመረምራል። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሳተፉ። በ2020 አዲስ ሥራ ማደል እስኪያቆም ድረስ ከወዲያ “አቤት” ያለ አልተገኘም። ቢሆንም አስቡት፤ ሠራተኛው ቡና ላይ ሰው ሲያማ ማሽኑ ፍለጋ ላይ ነበር።

ዓሦቹንም ፈልጌ አገኘኋቸው። ሮበርት ሃይንላይን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ካልተከፈተ የዓሣ ማሳደጊያ የሚመስል ቴሌቪዥን አለ፤ ሲከፍቱት ዓሦቹ ሄደው ሰው ይመጣል። ማለትም ስክሪን ሴቨር ከመፈጠሩ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ የእትዬን ዓሦች ያያቸው ሰው ነበር። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው “ታዲያ እሱ ይጠራቸዋ” አሉኝ።

የሚገርመው፣ ዛሬ እትዬ ፊት ያለው ጠፍጣፋ ስክሪን ፎስፈር የለውም። መጠበቅ አያስፈልገውም። ዓሦቹ ሲዋኙ ከጀርባ ያለው መብራት እንደበራ ነው፤ ለስክሪኑም ለመብራት ቆጣሪውም የሚበጀው ማጥፋት ነበር። (በቅርብ ዘመን ኦሌድ የሚባሉት ውድ ስክሪኖች መጥተው የድሮው ጥላ መቅረጽ ተመልሷል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ አርማ በጥግ ቆሞ የሚከርምባቸው ይጎዳሉ። ዳንቴላችሁን አትጣሉ።) ይህን ለልጁ ስነግረው፣ “እኔም አውቃለሁ፤ ግን ማዘርን ማን ይነግራቸዋል?” አለኝ። እኔም አልነገርኳቸውም። ሰው የሚያርፍበት ሰበብ እንደልብ አይገኝም።

የነገሩ ቁልፍ የተገኘው ከአይቲ ክፍል አይደለም፣ ከእኔም ንባብ አይደለም። የሌሊት ጥበቃችን ጋሼ አንድ ቀን ፈረቃ ሊቀይሩ ጠዋት ቆይተው የእትዬን ለቅሶ ሰሙና በጣም ተገረሙ።

“ምን ቀሩ ይላሉ እሜቴ? እኔ ሌት ተቀን... ይቅርታ፣ ሌት ሌት አያቸው የለ እንዴ።”

ክፍሉ ጸጥ አለ።

“ሌሊት ይመጣሉ?”

“ኮሪደሩን ስዞር በመስታወቱ አያቸዋለሁ። እንዲያውም ወንበሬን አምጥቼ ትንሽ ዕረፍ እላለሁ። ቢጫው ፈጣን ነው።”

እትዬ የተሰማቸውን እኔ ልገልጸው አልችልም። የገዛ ዓሦቻቸው እሳቸው ሲሄዱ ጠብቀው የሚመጡ ከሆነ ነገሩ ከብልሽት አልፎ ወደ ክህደት ይጠጋል። “እኔን ሸሽተው ነዋ” አሉ። ልጁ ግን ዓይኑ በራ። እትዬ ማሽናቸውን የሚያጠፉት ለበዓል ብቻ ነው፤ “ከተኛ ማን ይቀሰቅሰዋል” ይላሉ። እና ሌሊት የሌለ፣ ቀን ያለ ነገር ምንድን ነው?

መልሱን ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ሰጠን። ሻዩ ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። ከጎናችን ባለው ባዶ ቦታ ፎቅ ሊነሣ ቁፋሮ ተጀምሯል፤ ድንጋይ መፈልፈያው ከጠዋት እስከ ማታ ዱዱዱ ይላል። እኛ ጆሯችን ለምዶት ረስተነዋል። ማውሱ ግን አልረሳም።

ሁለተኛው ጥፋተኛ የጠረጴዛው መስታወት ነው። የኢትዮጵያ የመንግሥት ጠረጴዛ መስታወት ከሌለው ጠረጴዛ አይባልም። በእትዬ መስታወት ሥር የሴት ልጃቸው የምርቃት ፎቶ፣ የማርያም ሥዕል፣ የሁለት ባንኮች ካላንደር፣ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ፣ የውስጥ ስልክ ቁጥሮች፣ አንድ ያልወጣለት የሎተሪ ቲኬት አለ። የዛሬው ማውስ በሆዱ በኩል በሴኮንድ ከሺህ በላይ ፎቶ እያነሣ አንዱን ከሌላው በማስተያየት ነው መንቀሳቀሱን የሚያውቀው። ሻካራ ወረቀት ላይ ሲሆን በደንብ ያያል፤ ጥርት ያለ መስታወት ላይ ግን ዓይኑ ይደናገራል። ከሥሩ ምሩቅ፣ ከላዩ ነጸብራቅ፣ በዚያ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ። ሄድኩ ይላል፣ አልሄደም። ስክሪኑን ጠጋ ብለን ስናይ ቀስቷ በጥግ በኩል ውርር እንዳላት ሰው ትርገበገባለች። ኮምፒውተሩ ይህችን ሲያይ “እትዬ ሥራ ላይ ናቸው” ብሎ ይመዘግባል፣ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል።

ልጁ ማውሱን በጀርባው ገለበጠው። ቀይ መብራቱ ጣሪያውን እያየ ቀረ። “አሁን ማንም ምንም እንዳይነካ” አለ። አምስት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የክፍሉ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። መዝገብ ቤቷ ልታስነጥስ ብላ አፍንጫዋን ያዘች። ከውጪ ዱዱዱ። ከዚያ የደመወዝ ሠንጠረዡ ተሰወረ፣ ሰማያዊው ውኃ ሞላ፣ ባለመስመሩ የቀድሞ ሥራ አስኪያጃችን ከግራ በኩል ገቡ። እትዬ እልልታቸውን አቀለጡት። ከአምስተኛ ፎቅ ሰው የተዳረ መስሏቸው የመጡ ነበሩ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መስታወቱን ማንሣት። እትዬ ግን ምሩቋን፣ ማርያምንና የግብር ሠንጠረዡን ማን አንሥቶ? ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ እንደሚባለው፣ ለመስታወቱ ሲባል ማውሷ ከሥሯ ወፍራም የካርቶን ፋይል ተነጠፈላትና ነገሩ አበቃ። ወጪ፦ አንድ አሮጌ ፋይል። ግዥ ክፍልን ሳያልፍ የተፈታ ብቸኛ ችግር ነው ብላችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ።

ግን ግዥ ክፍል ዝም ብሎ የሚያልፍ አይደለም። የግዥ ሠራተኛው ይህን ሁሉ ሲያይ ከኋላ ቆሞ ነበር። ይህ ሰው ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ በመጥፋት የታወቀ ነው። ኮቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ ለጡረታ ከእሱ ቀድሞ የሚደርሰው ኮቱ ነው። ስክሪን ሴቨር ከመጣ ወዲህ ግን ነገር ተበላሽቶበት ነበር። ኮቱ “አለ” ሲል ስክሪኑ “የለም” ይላል። አለቃችን ቧንቧዎቹን አይተው “ከሄደ ቆይቷል” ብለው ያውቁበታል። አሁን ልጁን ወደ ጥግ ወሰደውና በሹክሹክታ ጠየቀው።

“እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፣ የእሳቸው እንዲቀር ያደረገው መስታወቱ ነው ነው ያልከኝ?”

ይህን ስሰማ የአሜሪካኖቹ ጉዳይ ትዝ አለኝ። በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሲሠራ ማውስ የሚያነቃንቅ ዕቃ ገበያ ላይ ደርቶ ነበር። ማውሱን ከላዩ ታስቀምጠዋለህ፣ እሱ ሥሩን ያዞርለታል፣ አለቃህ በሩቅ ሆኖ “ትጉህ ሠራተኛ” ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዌልስ ፋርጎ የተባለው ትልቅ ባንክ ኪቦርዳቸው ሳይሠራ የሚሠራ አስመስለዋል ያላቸውን ከአሥር በላይ ሠራተኞች አባረረ። ፈረንጅ ለማስመሰል ዶላር አውጥቶ መሣሪያ ይገዛል። የእኛው ሰው ኮት አለው፣ ኮት ደግሞ ይለበሳልም። ከሁለቱ የቱ እንደሚያዋጣ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

በሳምንቱ የግዥ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ አዲስ መስታወት ተነጠፈ። ከሥሩ ፎቶ የለ፣ ካላንደር የለ፤ ጥርት ያለ ነው። ቁፋሮው ከጎኑ ዱዱዱ ይላል። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ አንዴም ሲያርፍ አልታየም። አለቃችን በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ስሙን ጠቅሰው አመሰገኑት፤ እሱ ግን በስብሰባው ላይ አልነበረም። ኮቱ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጣ። ለመረጃ ደህንነት ሲባል ማንኛውም ኮምፒውተር አምስት ደቂቃ ካልተነካ በይለፍ ቃል ይቆለፋል፤ የሚታየውም ስክሪን ሴቨር በማዕከል የተዘጋጀው ብቻ ይሆናል። በነጋታው ሴቲንጉ ሁሉ አመድማ ሆኖ አደረ፤ ቢነካ አይነካም። ዓሦቹ ይህን ጊዜ በእርግጥ ሄዱ። በምትካቸው የመሥሪያ ቤቱ አርማ እየተሽከረከረ ይመጣል፤ ከዚያ ራዕይ፤ ከዚያ ተልዕኮ፤ ከዚያ እሴቶቻችን አንድ በአንድ። ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ቅልጥፍና።

እትዬ እንደፈራነው አልሆኑም። ራዕይ ብቅ ሲል “በሉ፣ መጣ” ብለው ለቡና ይነሣሉ። ፈቃድ ፈቃድ ነው፣ ከማንም ይምጣ። የከፋው ለጥበቃው ጋሼ ነበር። ሆኖም እሳቸው ሌሊት የሚያዩት ነገር አጥተው አያውቁምና ወንበራቸውን አምጥተው ተቀመጡ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጽሑፉ ቶሎ ስለሚያልፍ በአንድ ዙር አንድ መስመር እየያዙ፣ ተመልሶ እስኪመጣ እየጠበቁ፣ ለብዙ ሌሊት አነበቡት። አንድ ቀን ጠዋት እትዬን ጠብቀው ራቅ አድርገው ጠየቋቸው።

“እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ‘በ2012 ዓ.ም. በአፍሪካ ተመራጭ ሆኖ ማየት’ ይላል። አሁን ያለነው ስንት ላይ ነው?”

እትዬ ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ጥግ ወሰዷቸው።

“ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው ያነበቡት እርስዎ ብቻ ነዎት” አሉ። “በማርያም፣ ለማንም አይንገሩ። ይሄንንም ያነሡብኛል።”